ዛሬ ምን ገደለሽ?

ትናንት ማታ፣ እራት ተነሥቶ ሳህኑ ከታጠበ በኋላ ዘጠኝ ጊዜ ሞትኩ። ሁለቴ የሌሊት ወፍ ጨረሰችኝ። አንዴ መረገጥ የሌለበትን ቀይ ጠላት ረገጥኩ። የቀሩትን ስድስት ጊዜ ደግሞ የገደለኝ የራሴው ችኮላ ነው።

ሳቁ፣ አልቀየማችሁም። ዕድሜዬ 47 ነው። ፋርማሲስትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ የሞባይል ጌም ማለት ለእኔ የልጆቼን ዓይንና ጊዜ የሚሰርቅ ሌባ ነበር። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሌባ ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ ስለዚህ ሌባ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ከእሱ አንድ ጥያቄ ስለተማርኩ ነው። ያ ጥያቄ ከልጄ ጋር አስታርቆኛል።

ቡና ያልፈላበት ሁለት ሳምንት

ጥር 2015ን 12ኛ ክፍል የተፈተነ ልጅ የነበረው ቤተሰብ ሁሉ ያስታውሰዋል። የ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ የተሰጠ ነበር። ውጤቱ ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ከመቶ ልጆች 97ቱ ገደማ ማለፊያውን አላገኙም ማለት ነው። ትልቋ ልጄ ከእነዚህ መካከል ነበረች።

ቁጥሩን በዜና ስንሰማ "ይህማ የልጆቹ ብቻ ጥፋት ሊሆን አይችልም" ተባባልን። የቤታችን በር ሲዘጋ ግን ቁጥር አያጽናናም። እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ "ውጤት መጣ አሉ፤ የልጄ እንዴት ሆነ?" ስትለኝ "ኔትወርክ አስቸግሮን ገና አላየንም" አልኳት። ዋሸሁ። ጎረቤት እንዳይጠይቀኝ ብዬ ለሁለት ሳምንት ቡና አላፈላሁም። ባለቤቴ ስለ ፈተናው መወራት ሲጀመር ቴሌቪዥኑን ይዘጋል። ልጄ ደግሞ ክፍሏን ዘጋች።

አንድ ሌሊት፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ በበሯ ሥር ብርሃን አየሁ። እያለቀሰች መስሎኝ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጌም ትጫወታለች። ከስልኩ የተኩስ ድምፅ ይወጣል። በዚያ ዘመን የተኩስ ወሬ የመረረን ሰዎች ነበርንና ድምፁ ራሱ አበሳጨኝ።

"ሕይወትሽ እንዲህ ሆኖ አንቺ ትጫወቻለሽ?" አልኳት።

ቀና ሳትል "እማዬ፣ እዚህ ስወድቅ ማንም አይቆጣኝም" አለችኝ።

ስልኩን ከእጇ ነጥቄ ወጣሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኩ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ አዲስ ስትገዛ የላከችላት አሮጌ ስልክ ነው፤ ጌሙም አብሮት የመጣ ነው። ልጄን ምን እንደወሰደብኝ ለማየት ሳሎን ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

ስሙ ዳውንዌል ነው። አንድ ትንሽ ሰው የጉድጓድ አፍ አጠገብ ቆሟል። ዘሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው በሙሉ መውደቅ ነው። ሰውዬው ያደረገው ቡትስ ጫማ ወደ ታች ይተኩሳል። ስክሪኑ ላይ ያሉት መጫኛዎች ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይወስዳል። ሦስተኛው መሬት ላይ ስትሆኑ ያዘልላል፣ አየር ላይ ስትሆኑ ይተኩሳል። ተኩሱ ከሥር ያለውን ጠላት ይመታል፣ የሚሰበረውን ድንጋይ ይሰብራል፤ በዚያው ደግሞ አወዳደቃችሁን እንደ ፍሬን ያቀዘቅዛል። ቀለሙ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ነው፤ ሌላ ጌጥ የለውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫወት አንድ ስኒ ቡና ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳን አልቆየሁም። የተሰጡኝን አራት ልቦች ወዲያው ጨረስኩ። ደግሜ ጀመርኩ። ጉድጓዱ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። እርከኖቹ ቦታ ቀይረዋል፣ ጠላቶቹም ቅድም የነበሩበት የሉም።

የዚህ ዓይነት ጌም ዋና ጠባይ ይህ ነው። ስትሞቱ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። በመንገድ ላይ ያገኛችሁት መሣሪያና ጉልበት ሁሉ ይወሰዳል። መንገዱም በየጊዜው እንደ አዲስ ስለሚሠራ በቃል መሸምደድ አይቻልም። እርግጥ የሰበሰባችሁት ቀይ ዕንቁ እየተደመረ ሌላ የስክሪን ቀለም ወይም ሌላ የአጨዋወት ስልት ይከፍትላችኋል። ወደ ታች የሚያደርሳችሁ ግን ያወቃችሁት ነገር ብቻ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያወቅኩት ጥይት እንደሚያልቅ ነው። ስትጀምሩ ስምንት ጥይት አላችሁ። ፈርታችሁ ያለማቋረጥ ከተኮሳችሁ ያልቅና እንደ ድንጋይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ጥይቱ የሚሞላው መሬት ላይ ስታርፉ ወይም ጠላት ራስ ላይ ስትረግጡ ነው። ነጩን ጠላት መርገጥ ይቻላል፤ ቀዩን ከረገጣችሁ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። መሬት ሳትነኩ ብዙ ጠላት በተከታታይ ካጠፋችሁ ሽልማት አለ፤ አንዴ ካረፋችሁ ግን ቆጠራው ይቋረጣል። ስለዚህ በየሰከንዱ "ልረፍ ወይስ ልቀጥል?" የሚል ጥያቄ አለ። አልፎ አልፎ በግድግዳው ጎን ትንሽ ዋሻ ታገኛላችሁ። እዚያ ስትገቡ ውጭ ያለው ሁሉ ይቆማል። እዚያ ዋሻ ስደርስ እንደ እውነተኛ ሰው እፎይ እላለሁ።

ሊነጋጋ ሲል 40 ጊዜ ያህል ሞቼ ነበር። ከአርባው አንዱንም "ጌሙ በደለኝ" ብዬ ላሳብብ አልቻልኩም። የገደለኝን ነገር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፣ አይለዋወጥም፣ አያዳላም። ሲገድለኝም አይሰድበኝም። ደግሞ መጀመር ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ይጠብቀኛል፤ በቃ።

ጠዋት ስልኩን ይዤ ወደ ልጄ ክፍል ገባሁ። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ያቺን የሌሊት ወፍ እንዴት ነው የምታልፊያት?"

አየችኝ። ዓይኔ ደም መስሏል። "ሌሊቱን ሙሉ ስትጫወቺ አደርሽ እንዴ?" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ "ስታያት አትደንግጪ። ወደ አንቺ ትምጣ፣ ከዚያ ርገጫት" አለችኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ያወራነው የመጀመሪያ ወሬ ይህ ነበር።

ሰው ለምን ፈልጎ ይወድቃል?

ከዚያ በኋላ ልጄ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ሆንን። እኔም በበኩሌ ትንሽ አነበብኩ። የዚህ ዓይነት ጌሞች ሮግላይክ ይባላሉ። ስሙ የመጣው ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሠሩት ሮግ ከተባለ ጌም ነው። ያ ጌም ሥዕል አልነበረውም። ተጫዋቹ ኢሜይል አድራሻ ላይ በምናያት የ"አት" ምልክት ይወከል ነበር፤ ጭራቆቹም የእንግሊዝኛ ፊደላት ነበሩ። ዋሻውን ኮምፒዩተሩ በየጊዜው አዲስ አድርጎ ይሠራዋል። ከሞቱ ደግሞ መመለስ የለም፣ እንደገና ከላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዴሬክ ዩ የተባለ አሜሪካዊ ይህንን ሐሳብ ከእርከን ወደ እርከን እየተዘለለ ከሚኬድበት የጨዋታ ዓይነት ጋር አጋብቶ ስፐላንኪ የተባለ ጌም በነጻ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ኢንዲ የሚባሉት፣ ማለትም ለብቻቸው ወይም ጥቂት ሆነው በአነስተኛ አቅም ጌም የሚሠሩ ሰዎች፣ ይህን መንገድ ወደዱት። ነገሩ ይገባኛል። አንድ ሰው መቶ ሰዓት የሚያጫውት ሰፊ ዓለም በእጁ ሊገነባ አይችልም። ጥቂት ነገር በደንብ ሠርቶ ኮምፒዩተሩ እንዲያዘበራርቀው ማድረግ ግን ይችላል። የእኔን ዳውንዌል የሠራው ኦጂሮ ፉሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ወጣት ነው። ቶኪዮ ውስጥ የኦፔራ ዘፈን ይማር የነበረ ሰው ነው። ስፐላንኪን ወድዶ፣ ከእሱ ተነሥቶ የሠራው ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ወጣ። ዋጋው ሦስት ዶላር ገደማ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ለምን ይወድቃል? የስፐር ዩል የተባለ ዴንማርካዊ የጌም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ጥያቄ ላይ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ሰው በኑሮው ውድቀትን ይሸሻል፤ ጌም ሲሆን ግን እንደሚወድቅ እያወቀ ፈልጎ ይገባል። ዩል ይህንን እንቆቅልሽ ነው የሚመረምረው።

እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ነገር ግን መልሱ ግማሹ ልጅነታችን ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። ቅልብልቦሽ የተጫወታችሁ ታስታውሳላችሁ። ጠጠሯ ከእጅ ካመለጠች ተራችሁ ያልፋል፣ በኋላ እንደገና ትሞክራላችሁ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ከረገጥን ወጣን። ማንም ግን "አንቺ ደደብ ነሽ" ብሎ ለቤተሰብ አይነግርብንም። ከሰዓት በኋላ ሃያ ጊዜ ወድቀን፣ ማታ ጉልበታችን አቧራ ለብሶ፣ ደስ ብሎን ነበር ወደ ቤት የምንገባው። ልጄ በዚያ ሌሊት የፈለገችው ይህንን ነበር።

"እጅሽ እንዴት እዚያ ደረሰ?"

አሁን ደግሞ ወደ ሥራዬ ልውሰዳችሁ። በእኛ ሙያ ስህተት ቀልድ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለደም ግፊት የታዘዘውን ሃይድራላዚን ላነሣ ብዬ ሃይድሮክሲዚን አነሣሁ። ይህኛው ለአለርጂና ለማሳከክ የሚሰጥ ነው። ለታካሚው ልሰጠው ስል አብራኝ የነበረች አንጋፋ ፋርማሲስት አየችው። ትጮኽብኛለች ብዬ ተሸማቀቅኩ። እሷ ግን ረጋ ብላ "እጅሽ እንዴት እዚያ ደረሰ?" አለችኝ።

አብረን መደርደሪያውን አየን። መድኃኒቶቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ ስለሆኑ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። ያኔውኑ አራራቅናቸው። ከዚያ ወዲህ ያንን ስህተት አልደገምኩትም። በዚያን ዕለት "ዓይንሽ የት ነው?" ብላ ብትጮኽብኝ ኖሮ የምማረው ስህተትን መደበቅ ነበር።

ሃያ ዓመት ያህል ይህን ጥያቄ በሥራ ቦታዬ ይዤው ኖሬ አንድም ቀን ወደ ቤቴ አላመጣሁትም። ለልጄ ያቀረብኩላት ጥያቄ "ለምን ወደቅሽ?" የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁት እስቲ። "ሰነፍ ስለሆንኩ" ከማለት በቀር ምን መልስ አለው? ጌም የሚጫወቱ ልጆች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ግን አዳምጡ። "ምን ገደለህ?" ነው የሚባባሉት። ይህ መልስ አለው። "ጥይቴ አልቆ"፣ "ከላይ ሲመጣ ሳላየው"፣ "ልረፍ ሲገባኝ ስቀጥል"። መልስ ያለው ነገር ደግሞ መላ አለው።

ውጤቱን ያየንበት እሑድ

በሚቀጥለው እሑድ ቡና አፈላሁ። ጎረቤት አልጠራሁም፤ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ብቻ። ውጤቷን እንድታመጣው ለመንኳት። ስታስቀምጠው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቷ ሊናገር ሲል በዓይኔ አቆምኩትና "እሺ፣ ምን ገደለሽ?" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ መናገር ጀመረች።

የገደሏት ሁለት ነበሩ፤ ሒሳብና ፊዚክስ። ሒሳብ ላይ መጀመሪያ ያገኘቻቸው ከባድ ጥያቄዎች ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ሰዓቱ ሲያልቅ የመጨረሻዎቹን ሳታነብ ነው ያጠቆረችው። ከእነሱ ውስጥ የምትችላቸው እንደነበሩ በኋላ ከጓደኞቿ ሰምታለች። "ፈርተሽ ጥይትሽን ላይ ላዩን ጨረስሽ" አልኳት። "አዎ" አለች። ፊዚክሱ ግን ሌላ ነበር። ከሥር የጎደላት ነገር እንዳለ፣ አዲሱን ትምህርት የምታቆምበት እርከን እንደሌላት ነገረችን። መቼ እንደጎደለ ወደ ኋላ ስንቆጥር 10ኛ ክፍል ላይ ደረስን። መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት የተዘጉበት ዓመት ነው። ያንን ዓመት ማናችንም መልሰን አልሞላነውም። ባለቤቴ ስኒውን አስቀምጦ "ይህንንስ እኛ ነን ያላየነው" አለ።

ያን ማታ ለእናቴ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ኔትወርክ የለም ስትዪኝ እኮ ገብቶኛል" አለችኝ።

ልጄ ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ነበር የቀራት፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት በዩኒቨርሲቲዎች በተጀመረው የሪሚዲያል ትምህርት ገባች። የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፏን ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። ለሒሳብ ፈተና ደግሞ አንድ ሕግ አወጣች፤ የማይገባ ጥያቄ ሲመጣ ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ በኋላ መመለስ። አለፈች። ጌሙ አሳለፋት አልላችሁም። ያሳለፋት ያጠናችው ነው። ጌሙ ያደረገው ሦስታችንን አንድ ገበታ ዙሪያ ማስቀመጡ ነው።

አንድ ሁለት ነገር ልበላችሁ

ይህን አንብባችሁ ለልጃችሁ ስልክ ሰጥታችሁ እንድትተኙ አልፈልግም። እኔ ራሴ "አንዴ ብቻ" እያልኩ ወጥ አሳርሬያለሁ። አንዱ ዙር አጭር ስለሆነ ወጥመዱም እዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጌም ሱስ እንደ ሕመም ሰፍሯል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ሰውዬው መጫወቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ይቀድምበታል፣ ጉዳቱን እያየም ይቀጥላል። ይህ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የታየ መሆን አለበት። በቤታችሁ ይህን ካያችሁ ባለሙያ ማማከር እንጂ መጮህ አይጠቅምም። በእኛ ቤት ሕጉ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለእኔም ጭምር። ሌሊት ስልኮች ሁሉ ሳሎን ነው የሚያድሩት።

ደግሞም ኑሮ ጌም አይደለም። አንድ ፈተና መውደቅ አንድ ዓመት ያስከፍላል። የተሳሳተ መድኃኒት ሰው ሊገድል ይችላል። ሁሉም ቦታ ደግሞ መጀመር አይቻልም። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት ልጆቻችን መውደቅ ርካሽ የሆነበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል ብዬ አምናለሁ። ሰው ውድ በሆነው ቦታ ላይ እንዳይሰበር፣ ርካሽ በሆነው ቦታ መውደቅን መልመድ አለበት። ያ ቦታ ጌም ሊሆን ይችላል። ኳስ ሜዳ ወይም ማዕድ ቤት ቢሆንም እሰየው። ዋናው የወደቀ ልጅ የገደለውን ነገር ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት መኖሩ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ የልጃችሁን ስልክ ከመንጠቃችሁ በፊት ለአሥር ደቂቃ ተዋሱትና ልጃችሁ እያየ ተጫወቱ። ትሞታላችሁ። ይስቅባችሁ። ከዚያ እንዴት እንደሚታለፍ ጠይቁት፤ ስታስረዳችሁ የማታውቋት ታጋሽ ልጅ ወይም የማታውቁት ታጋሽ ወንድ ልጅ ቤታችሁ ውስጥ ልታገኙ ትችላላችሁ።

እኔ እስካሁን የጉድጓዱን መጨረሻ አላየሁትም። ሦስተኛው ክፍል ውሃ ነው፤ እዚያ ደርሼ ሁልጊዜ እሞታለሁ። ልጄ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። እሑድ እሑድ ስትደውል ሰላምታዋ "እማዬ፣ ዛሬ ምን ገደለሽ?" ነው። እነግራታለሁ። ከዚያ እኔም መልሼ እጠይቃታለሁ። ባለፈው እሑድ "የላብራቶሪ ሪፖርት" አለችኝና ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዴት እንደገደላት አጫወተችኝ።